በማን በኩል?

ቢሮዬን የተረከበችው ልጅ ሰናይት ትባላለች። ጨዋ ናት፣ ፈጣንም ናት። ቁልፎቹን፣ ሁለቱን የመዝገብ መደርደሪያዎችና ሪባኑ የደረቀውን የጽሕፈት መኪና ፈርማ ተቀበለችኝ። ልሰናበታት ስል፣ «ጋሽ ደጀኔ፣ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ላሳይዎት» አለችና ከውጭ አገር የመጣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ስልኳን ከላዩ ያዘች። ዓይኔ እያየ ደብዳቤው በሙሉ አማርኛ ሆነ።

አልዋሽም፣ ፀጉሬ ቆመ። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ፣ እየሰረዝኩና እየደለዝኩ የኖርኩበትን ሥራ ያች መዳፍ የምታህል ነገር ትንፋሽ ሳልስብ ጨረሰችው። ጎንበስ ብዬ አንብቤ ሳደንቅ ቆየሁ። ከዚያ ግን ዓይኔ አንድ ቃል መፈለግ ጀመረ፤ አገኘውም። የደብዳቤው ጸሐፊ ስለ አንድ ሰው ሲናገር በእንግሊዝኛው «ከዚኔ ነው» ይላል። ስልኳ «የአጎቴ ልጅ ነው» ብላ ጽፋለች።

«በየትኛው አጎቱ በኩል?» አልኳት።

«እሱንማ አላለም።»

«ስልክሽስ አልጠየቀችም?»

ሳቀች። «ጋሽ ደጀኔ፣ ስልክ ይመልሳል እንጂ መቼ ይጠይቃል?»

እኔም ሳቅሁ። ከሞላሌ ገበያ በታች ወዳለው ቤቴ ስወርድ ግን ሳቁ ከፊቴ ጠፋ። በዚያ በአንድ ቃል ምክንያት የአንዲት ሴት ሠርግ ፈርሷል። ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ይህን ለእሷ ሳልነግራት ነው ጡረታ የወጣሁት።

ሥራ የጀመርኩት መርሐቤቴ ባለችው ዓለም ከተማ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና ተርጓሚ ተብዬ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ በእንግሊዝኛ ያመጣሁትን ውጤት አባቴ ለጎረቤት ሁሉ አውርቶት ስለነበር፣ መርሐቤቴ ስደርስ አፍንጫዬ ከአውቶቡሱ ጣሪያ በላይ ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይ፣ ለሽሮና ለሳሙና ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይም አልጠየቅሁትም።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ አጥናፌ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ በቢሮም ቢሆን ጋቢ ከትከሻቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። በቀኝ ኪሳቸው ጥሬ ባቄላ፣ በግራ ኪሳቸው አተር ይይዛሉ። መጀመሪያ ሳይ ለመቆርጠም መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ባቄላው በሕይወት ላለ ሰው ነው፣ አተሩ ለሞተ። የቤተሰብ ጉዳይ ያለበት ሰነድ ሲመጣ ባለጉዳዮቹን ያስቀምጡና፣ በስም የተጠራውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ። ወላጅ ከላይ፣ ልጅ ከታች፣ ወንድምና እህት ጎን ለጎን። ባቄላና አተሩ ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ እስክሪብቶ አያነሡም። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባችን ለቀልድ ከጠረጴዛው ላይ አንዷን አተር አንሥቶ ቢቆረጥም፣ ጋሽ አጥናፌ ቀና ሳይሉ፣ «የሰውዬውን አያት በላህበት፤ ሂድና ይቅርታ ጠይቀው» አሉት። ባለጉዳዩም እውነትም ቅር ብሎት ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ ወላጆቿ የሞቱባትን ሕፃን ማን ያሳድግ በሚል ጉዳይ ውስጥ የገባ ደብዳቤ ነበር። ውጭ አገር የሚኖር ሰው፣ «እኔ የአባቷ ከዚን ነኝ» ብሎ ጽፏል። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። «የአጎቱ ልጅ ነኝ» ብዬ በኩራት አቀረብኩ።

ጋሽ አጥናፌ አነበቡት። «በየትኛው አጎት?»

«አይልም ጋሼ።»

«የአክስት ልጅ ቢሆንስ?»

«እሱንም ከዚን ነው የሚሉት።»

«በእናቱ ወገን ቢሆንስ?»

«ያው ከዚን ነው።»

«ሴትስ ብትሆን?»

«ያው ነው ጋሼ፤ አይለዩም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። በሕይወቴ እንደዚያ የደነገጠ ፊት ብዙ አላየሁም። «ታዲያ እንዴት ይጋባሉ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ሳቄን ውጬ ነው ከቢሮ የወጣሁት። ዛሬ አልስቅም። በእኛ አገር ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ከሀብት በፊት የሚነሣው ዘር ነው። ከሙሽራው ወደ ላይ፣ ከሙሽሪትም ወደ ላይ ይቆጠራል፤ ወላጅ አንድ ቤት፣ አያት ሁለት፣ ቅድመ አያት ሦስት እያለ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ሁለቱ መንገዶች በአንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ወንድምና እህት ናቸው፣ ጋብቻ የለም። ስለዚህ ለጋሽ አጥናፌ የዘመድ ስም ማለት መንገድ ማለት ነው። በየት ወጥቶ በየት እንደወረደ የማይናገር ስም፣ ለእሳቸው ስም አልነበረም።

በማግሥቱ ደብዳቤውን ያስገቡትን ወገኖች አስጠሩ። አንዲት ፊደል የማያውቁ አሮጊት ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጋሽ አጥናፌ «በማን በኩል?» ብለው ጠየቁ፤ ሌላ ምንም አላሉም። አሮጊቷ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። የማን ልጅ፣ የማን እህት፣ ከየት አግብታ የት እንደተቀበረች፣ የትኛው መካን ሆኖ እንደቀረ፣ የትኛው ቆላ ወርዶ እንደሞተ፤ እንደ ዳዊት ደጋሚ አንድ ቦታ ሳይሰናከሉ አወረዱት። ጠረጴዛው ሞላ። አተሩ አልቆ በወረቀት ቁራጭ ተካነው። ስንጨርስ ያ ውጭ አገር ያለው ሰው በእናቱ እህት በኩል የሕፃኗ አባት የአክስት ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ አጎት የሚባል መንገዱ ላይ የለም። እኔ አሮጊቷን ብቻ ነበር የማየው። ቤተ መጻሕፍት ሻሽ አስሮ ደጃችን ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። እንዲያ ያለ ነገር በሰው ጭንቅላት ውስጥ መኖሩን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ፈራሁ ብል ይቀለኛል።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉኝ ጋሽ አጥናፌ፣ አተራቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ። «ቃሉን ከመጻፍህ በፊት መንገዱን ሂድበት። መንገዱን ካጣኸው ደግሞ አላውቅም በል። አላውቅም ያለ ጸሐፊ ሰው ገድሎ አያውቅም።»

ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ግሼ ውስጥ ወዳለችው ራቤል ስዛወር ባቄላና አተር የተቋጠረበት የጨርቅ ከረጢት ሰጡኝ። ስቄ አመሰገንኳቸውና ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩት።

ራቤል ብርዱ ያጠነክራል፣ ነፋሱ በር ያንኳኳል። የመጀመሪያው አለቃዬ ማኅተም ያላረፈበት ሰላምታ የማይቀበል ሰው ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ማኅተሙን የት እንዳስቀመጠ አያውቅም። ከሁለቱም ጋር ተስማምቼ ኖርኩ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ግን የግሼ ሰው የእንግሊዝኛ ወረቀት ሲያጋጥመው ወደ ቤቴ ይመጣ ጀመር። የመድኃኒት ወረቀት፣ የዘመድ ደብዳቤ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር መመሪያ ሳይቀር። «ደጀኔ የማያውቀው እንግሊዝኛ የለም» ይሉኝ ነበር። እኔም እየቆየሁ አመንኳቸው።

ጥሩወርቅን የማውቃት በገበያ ነው። የበግ ጠጉር ፈትላ ባና ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሰዎች ትሸጥ ነበር። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ግርማ የሚባል ልጅ ሽማግሌ ላከባት። እዚያው ራቤል የሚያስተምር፣ እናቱ የመርሐቤቴ ሰው ሆና ውጭ አገር የምትኖር ልጅ ነው። ሁለቱ እንደሚዋደዱ አገር ያውቃል። ብቅሉ ተነክሯል፣ የቀረው ቆጠራ ብቻ ነው። በቆጠራው ላይ አንድ ቦታ ጨለመ። የጥሩወርቅ ቅድመ አያት ይርጉ፣ ከመርሐቤቴ መጥቶ ግሼ አግብቶ የቀረ ሰው ነው ከማለት በቀር ሌላ የሚያውቅለት አልተገኘም። የግርማ እናት እንድትጠየቅ ሆነ፤ መልሱም በደብዳቤ መጣ።

እሑድ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ቆሙ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። እናትየው ታማ ስለነበር እዚያው የተወለደች ልጇ ናት በእንግሊዝኛ የጻፈችላት። እንዲህ ይላል፦ «ይርጉ የሚባለውን አውቃለሁ፤ የአያቴ የበሻህ ከዚን ነው፤ አንድ ቤት ነው ያደጉት።»

ቃሉን ሳየው የጋሽ አጥናፌ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ከደብዳቤው ግርጌ የስልክ ቁጥር አለ። ቴሌ ሰኞ ጠዋት ይከፈታል። አንድ ሌሊት መታገሥና አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

«ደጀኔ፣ ሰው ተቀምጦ እየጠበቀን ነው» አሉ ታላቁ ሽማግሌ። «ቃሉ ከበደህ እንዴ?»

ያች ጥያቄ ናት የጣለችኝ። እንግሊዝኛ ከበደው መባልን ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። «የአጎት ልጆች ናቸው» አልኩ።

ሽማግሌው በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። ሁለቱ ሰዎች የአጎት ልጆች ከሆኑ፣ ግርማና ጥሩወርቅ በአምስተኛው ቤት ይገናኛሉ። «አምስት ቤት! እግዚአብሔር አተረፈን» አሉ። ሦስቱም ተራ በተራ መረቁኝ። ከኃጢአት ያዳንኳቸው መስሏቸው ጉልበቴን ሊስሙ ምንም አልቀራቸውም።

በማግሥቱ ጠዋት ጥሩወርቅ ብቻዋን መጣች። አላለቀሰችም። እጇ ላይ የተፈተለ ክር ነበር፣ ታጠነጥነዋለች። «ያ ቃል ሌላ ዝምድና ሊሆን አይችልም?» አለችኝ።

ሰኞ ነው። ቴሌ ተከፍቷል። ነገር ግን ትናንት የተናገርኩትን ዛሬ ካጠፍኩ ከሦስት ሽማግሌ ፊት ምን ሆኜ እቆማለሁ? «አይችልም» አልኳት። የእሑዱ ስህተት ነበር ልል እችላለሁ። የሰኞው ግን ውሸት ነው። ከሠላሳ አራት ዓመት ሥራዬ አንዲቱን ቃል መሰረዝ ብችል ያችን «አይችልም» እሰርዛታለሁ።

ግርማ ጥቂት ወራት ቆይቶ ወደ እናቱ ሄደ። ጥሩወርቅ አላገባችም። እኔም ወደ ተወለድኩባት ሞላሌ ተዛወርኩና ወደ ራቤል የሚያስኬድ ጉዳይ ሲመጣ ሌላ ሰው ይሂድ እል ጀመር።

አምና፣ ጡረታዬ ሊደርስ ሲል፣ አንዲት ሸምገል ያለች ሴት የቤተሰብ ሰነድ ልታስተረጉም ሞላሌ ቢሮዬ መጣች። ከውጭ አገር ለእናቷ ተዝካር መምጣቷን ነገረችኝ። ወረቀቱ ላይ የአያቷን ስም አነበብኩ። በሻህ ይላል። የግርማ እናት ወይዘሮ አበበች ነበረች።

ከሣጥኔ አምጥቼ በቢሮው መሳቢያ ካኖርኩት ብዙ ዓመት የሆነውን ከረጢት አወጣሁ። ባቄላው ነቅዟል፤ አተሩ ግን ደህና ነበር። «ይርጉ የሚባል ሰው የአያትዎ ዘመድ ነበረ ይባላል» አልኳት። «በማን በኩል ነው?»

«ይርጉ? እሱማ የአያቴ አጎት ሚስት የወንድሟ ልጅ ነው። አባትና እናቱ ሲሞቱበት አክስቱ አመጣችው። ከአያቴ ጋር አንድ ገበታ በልተው አደጉ እንጂ የሥጋ ዝምድና የላቸውም።»

አተሮቹን ደረደርኩ። የበሻህ መንገድ በአባቱ፣ ከዚያም በአጎቱ በኩል ሄዶ ሚስቲቱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ከሚስቲቱ ወዲያ ያለው የይርጉ ወገን ሌላ ዘር ነው። አምስት ቤት ያልነው ነገር አንድም ቤት አልነበረም። ወይዘሮ አበበች አተሩንና እኔን ተራ በተራ ታያለች። «ያኔ ለልጄ ‹ዘመዱ ነው› ብዬ ነበር ያስጻፍኳት» አለችኝ። «ምነው፣ ምን ሆኑ? ያች የግርማ እጮኛ የነበረችዋ ልጅ የእሱ ዘር ናት አይደል? ግርማ ነገሩን አንሥቶብኝ ስለማያውቅ፣ እኔማ እምቢ ያለችው እሷ መስሎኝ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።» ግርማ አግብቶ ሦስት ልጆች እንዳሉት ነገረችኝ። ምን ብዬ እንደሸኘኋት አላስታውስም።

ለአንድ ዓመት ያህል ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ኖርኩ። ያ የሰናይት ስልክ ነው ያስነሣኝ። ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት በመሐል ሜዳ በኩል በአውቶቡስ ራቤል ገባሁ። የጥሩወርቅን ቤት ብጠይቅ፣ «የቆጣሪዋን?» አሉኝ። ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ ደጃፉ ስደርስ ነው የገባኝ።

ቤቱ ሰው ሞልቶታል። የሁለት ሙሽሮች ወገኖች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ጥሩወርቅ መሀል ላይ፣ ፀጉሯ ጣል ጣል አድርጎ ሸብቶ፣ ጭኗ ላይ የበግ ጠጉር ክር ይዛለች። አንዱ ሽማግሌ ስም ይጠራል፣ እሷ ክሩን ትቋጥራለች፤ ሴት ከሆነች ሁለት ጊዜ፣ ወንድ ከሆነ አንድ ጊዜ። የጠፋባቸውን ስም እሷ ትሞላላቸዋለች። «የለም አባባ፣ እሱ ታናሹ ነው፣ ታላቁ መርሐቤቴ ነው የቀረው» ትላለች። ጣቷ ክሩ ላይ እየሄደ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ አንድ ቋጠሮ አትስትም። ከዓለም ከተማዋ አሮጊት ወዲህ እንዲያ ያለ ነገር አላየሁም ነበር። ሽማግሌው አንድ ቦታ ላይ «ያው ዘመዳቸው ነበረ» ብለው ሊያልፉ ሲሉ እጇን አነሣች።

«በማን በኩል?» አለች።

የበሩን መቃን ያዝኩ። ጋሽ አጥናፌን አታውቃቸውም። ማንም አላስተማራትም።

ሰዎቹ ተመራርቀው ሲወጡ ሁለታችን ቀረን። እንግዳ ቤት ሲገባ ተቀመጥ ይባላል፤ እሷ አላለችኝም። እንደቆምኩ ነገርኳት። የእሑዱንም፣ የሰኞውንም፣ ወይዘሮ አበበች ያለችኝንም። ክሯን እየጠቀለለች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ካወቅሁት አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አለች።

«እንዴት?»

«መርሐቤቴ ሄድኩ። በአውቶቡስም በእግርም። የይርጉን አክስት ቤት አገኘሁ፤ የሚያውቁ ሽማግሌ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ቁጠሪልን የሚለኝ። አንድ ሥር ልፈልግ ወጥቼ የአገሩን ሁሉ ሥር ይዤ ተመለስኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም? ለግርማስ?»

«ግርማ ልጅ ወልዷል። ምን ያደርግለታል?» ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎን ግን ልረግምዎት ነበር ጋሽ ደጀኔ። አልደብቅዎትም። እስከ ሰባት ቤትዎ ልረግም ተነሣሁ። የማላውቀውን እንዳልረግም ሰባቱን ቤት መቁጠር ነበረብኝ። ሞላሌ ወርጄ የአባትዎን ወገን ጠየቅሁ፤ የእናቴም አገር እዚያው ማማ ምድር አይደል? ስቆጥር ስቆጥር ስድስተኛው ቤት ላይ እማሆይ ወለተ ኪዳን የሚባሉ ሴት አገኘሁ። የእርስዎን ቅድመ አያት አያት የወለዱ ናቸው።»

ክሩን ፈታ አድርጋ አንዲት ቋጠሮ ይዛ አሳየችኝ።

«የእኔንም። በእናቴ በኩል። እስከ ሰባት ቤትዎ ብረግም ራሴን ረግሜ ነበር። ስለዚህ ተውኩት።»

ይችን ሴት አንድ ቃል ሳልጠይቅ ሕይወቷን አጥፍቻለሁ። እሷ ግን ለእርግማን እንኳ ሳትጠይቅ አላለፈችም። ከፊቷ ራሴን ዝቅ አድርጌ ቆምኩ።

«እስቲ ልጠይቅዎት» አለች። «እንዲህ በስድስት ቤት የሚገናኙትን ሰዎች እንግሊዝኛው ምን ይላቸዋል?»

መልሱን አውቀዋለሁ። «ከዚን ይላቸዋል» አልኳት።

«ያው ያኔ የመጣው ቃል?»

«ያው እሱ።»

ክሩን ጠቅልላ ጭኗ ላይ አኖረችው። ከዚያ ከአጠገቧ ያለውን መደብ በእጇ ጠረግ አደረገችው።

«እንግዲያውስ ይቀመጡ» አለችኝ። «ዘመድ ቆሞ አያወራም።»